ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው

ጥቅምት 6

ዛሬ የቢሮ ቀኔ ነበር። እንደ ልማዴ ወንበር አጣሁ። እነዚህ ሰዎች ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት? እዚያው ያድራሉ እንዴ? ሕጉ ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል ነው፤ የዘገየ እንደ ፍጥርጥሩ። ላፕቶፔን ኮፒ ማሽኑ ላይ ዘርግቼ ቆሜ ጀመርኩ። ወረቀት ሊያባዛ የመጣ ሁሉ "ይቅርታ፣ አንዴ አንሺልኝ" ይለኛል። አንስቼ፣ አስቀምጬ፣ አንስቼ... እስከ ምሳ ሰዓት።

የራሱ ወንበር ያለው ቋሚው ብቻ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም። ከክፍላችን ቋሚ ቅጥር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ "ቋሚው" ሆኖ ቀረ። ወንበሩ ላይ ትራስ አለው፣ ጠረጴዛው ላይ የራሱ ኩባያ። እኛ ኩባያችንን በቦርሳ ይዘን እንመጣለን፣ በቦርሳ ይዘን እንሄዳለን። "ቋሚው ተቀምጦ፣ ጊዜያዊዎቹ ቆመን! ይሄ ምን የሚሉት ቋንቋ ነው?" አልኩት። ሳቀ። "ኧረ ሁላችንም በዚህ ዓለም ጊዜያዊ ነን" አለኝ። ከትራስ ላይ ሆኖ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። ደግ ሰው ነው ግን። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ሲገባ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። ቤቱ ውሃ የገባበት፣ መኪናው የተገለበጠበት፣ ሱቁ የተዘረፈበት... ሁሉንም እደውልና ኢንሹራንሱ ጽፎ የሰጠኝን እጠይቃለሁ። ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው? በወቅቱ እርስዎ የት ነበሩ? ጉዳቱን ለመከላከል ምን አደረጉ? ካሳ ይከፈለው አይከፈለው የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። የቀጠረኝም ኢንሹራንሱ አይደለም፣ ኤጀንሲው ነው፤ በሦስት ወር ኮንትራት። ሰዓቱ "ተጣጣፊ" ነው ይላል ወረቀቱ። እስካሁን ሲታጠፍ ያየሁት ግን የኔን ወገብ ነው።

ቤት ስገባ አባዬ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። ስኳሩን ረስቶታል። ወይ ደግሞ አላየውም።

ጥቅምት 9

ዛሬ አባዬን ጮህኩበት።

ከቤት ነበር የምሠራው። የኤጀንሲው አስተባባሪ የምትሰማው ጥሪ ነው፤ ለግምገማ። መቼ እንደምትገባ አይነገረንም፣ ግን ይታወቀኛል፤ መስመሩ ላይ አንድ የሆነ ትንፋሽ ይጨመራል። ደንበኛዋ ስለ ተሰበረ መስታወት እያለቀሰች ነው። አባዬ ከክፍሉ ወጣና፣ በዚያ አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው በሚያስተዳድር ድምፁ፣ "የኔ ልጅ! የዓይን ጠብታዬን የት አደረግሽው?"

ሴትየዋ ማልቀሷን አቆመች። "ማነው እሱ? ሌላ ሰው ይሰማናል እንዴ?"

ያው፣ ውጤቴ ወረደ። "የጀርባ ድምፅ" ይላል ምክንያቱ። የጀርባ ድምፅ ሆነ አባዬ።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ ምን እንዳልኩት... "ይሄ ነገር ጆሮዬ ላይ ካለ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አታናግረኝ! እንጀራዬን ልታሳጣኝ ነው?" አልኩት። ወንበሩን ይዞ ቆመ። እኔም ደነገጥኩ፤ እንዲህ ጮኼበት አላውቅም።

"ገባኝ" አለ። "ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ሳቄ መጣ። የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበር ዕድሜውን ሙሉ። ይሄ ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተለጥፎ ነው ጡረታ የወጣው። "ስንቱ ተሳፋሪ ሥሩ ቆሞ እያነበበ ያነጋግረኝ ነበር መሰለሽ" አለ። "ሚስቱ የከዳችው፣ ልጁ የወደቀበት... እኔ መንገዱን ልይ ወይስ የሰው ትዳር ልጠግን? እና የሚያነጋግር ሰው እንዴት እንደሚያናድድ እኔ አውቃለሁ። አይደገምም።"

ጠብታው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ራሴ ነበርኩ እዚያ ያስቀመጥኩት።

ጥቅምት 17

ቤቱ ሰላም ሆነ! አባዬ ሕጉን የያዘው እንደ መንጃ ፈቃዱ ነው። ከክፍሉ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ይልና በቀኝ ዓይኑ አጮልቆ ያየኛል (ግራውን ግላኮማው ከወሰደበት ዓመት አለፈው)። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ መሆኑን መለየት ካልቻለ በሹክሹክታ "እየነዳሽ ነው?" ይላል። እየነዳሁ ከሆነ መዳፌን አነሳለሁ። እንደ ትራፊክ ፖሊስ። እሱም መዳፉን ያነሳልኝና በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይመለሳል። ካልነዳሁ "ቆሜያለሁ፣ ግባ!" እለዋለሁ፤ ያኔ የቀኑን ወሬ ሁሉ ይዘረግፈዋል።

ዛሬ ስክሪኑ ላይ ስሜ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። ሥራ ላይ መሆኔን የምታሳይ ናት አልኩት። ስትጠፋ አስተባባሪዋ ታያለች።

"ቀይስ?"

"ቀይ የለውም።"

"አረንጓዴ ብቻ ያለው የትራፊክ መብራት? ይሄማ ሰው ይጨርሳል!" ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ለቢሮ ልጆች ጽፌላቸው እነሱም ሳቁ። ባለ መንታዋ ብቻ፣ ያቺ ሁለት ሕፃን ያላት፣ "አባትሽ እውነቱን ነው" ብላ ጻፈች።

ጥቅምት 28

ሐኪም ቤት ነበርን። የዓይኑ ግፊት ጨምሯል። በደህናው ዓይን። ጠብታው ከዚህ በኋላ አይዘውም አለች ሐኪሟ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

"ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ያያል?" አልኳት።

"የጠፋውን አንመልስም። የቀረውን ነው የምናድነው። ግን ጊዜ የለውም።"

የሚሠራው ሐኪም ሌላ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ። ቀጠሮ ለታኅሣሥ 3 ሰጡን። ቤተሰብ አብሮ ይምጣ፣ የሚፈርም፣ የሚያስገባ፣ የሚያወጣ አሉ። አባዬ ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘ፤ ይዞኝ አያውቅም፣ እኔ ነኝ የምይዘው። "የቀረው ይበቃኛል" አለ። "መሪ ልይዝ አይደል። ፌርማታዋ ጋ ተቀምጬ አውቶብሶቹ ሲያልፉ ካየሁ፣ ያንቺንም ፊት ካየሁ፣ ሌላ ምን አለኝ?"

እህቴ ጋ ደወልኩ። እሷ ያለችው ሩቅ ነው፣ የአንድ ቀን መንገድ፣ ሱቅና ልጆች ጥላ መምጣት አትችልም። "እንኳን አንቺ አለሽለት" አለች። "ሥራሽ ቤት ውስጥ ነው፣ እንዳንቺ ያለ ዕድለኛ የት አለ?"

ዕድለኛ። እሺ።

ኅዳር 4

አሁን ነው ያስተዋልኩት። ታኅሣሥ 3 የሚውለው ኮንትራቱ በሚያልቅበት ሳምንት ነው። ማን ይታደስለት፣ ማን ይቅር የሚባልበት ሳምንት። ሌላ ቀን ጠፍቶ?

አስተባባሪዋን ፈቃድ ጠየቅኳት። በስልክ፤ ፊቷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

"ፈቃድ?" አለች። የተገረመች ትመስላለች። "ተጣጣፊ ሰዓት ላይ እኮ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም የኔ ቆንጆ። ሰዓቱን የምትመርጪው ራስሽ ነሽ።"

"ስለዚህ ያን ቀን ባልገባ ችግር የለውም?"

"ማን ይከለክልሻል? ያንቺ ምርጫ ነው። ውጤቱም ያንቺ ነው።"

ስትዘጋው ተከለከልኩ ወይስ ተፈቀደልኝ? እስካሁን አላወቅኩም። የሚከለክለኝ ሰው ባገኝ እኮ እጣላው ነበር።

ኅዳር 12

የዕረፍት ቀኔ ነበር። ፀጉሬን እየታጠብኩ ስልኩ ጮኸ። "ነጻ ነሽ?" ይላል። አስተባባሪዋ። በሳሙና እጄ "አዎ" ብዬ መለስኩ። ነጻ ነኝ! ሰው ሁሉ ስለ ነጻነት የሚጮኸው ይሄን ሳያይ ነው።

ኅዳር 20

አባዬን ይዤ ፌርማታው ጋ ወረድኩ። ቃል ገብቼለት ነበር፣ ስንት ቀን ሙሉ። ብርዱ ቀለል ብሏል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አውቶብሶቹን ያያል... ያያል ማለት ምን ማለት ነው፣ ይሰማቸዋል። "ይሄኛው ፍሬኑን ይረግጠዋል እንጂ አይዘውም። ተሳፋሪው ጥርሱን ይነክሳል።" "ይቺ ሴት ናት። ስታቆም እንዴት እንዳስተኛችው አየሽ?" አየሁ፤ እውነትም ሴት ናት። ከድሮ የሚያውቀው፣ ሲያልፍ ሰላምታ የሚሰጠው ሾፌር አለ፣ ጥሩምባ ያሰማዋል። ያን ጊዜ አባዬ ኮቱን ያስተካክላል።

ለቀዶ ሕክምናው ነጩን ሸሚዝ እንድተኩስለት ነገረኝ። "ሐኪሙ ፊት እንደ ጡረተኛ አልቀርብም።" ምን ልትመስል ነው ታዲያ አልኩት። "ተረኛ" አለ።

ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሆድ የሚያባባ ነገር ሊነግረኝ ነው መሰለኝ፣ "እናትሽን ያገኘኋት እኮ..." ብሎ ጀመረ፤ ስልኬ ጮኸ። መዳፌን አነሳሁ። መንገድ ላይ፣ ሰው መሃል። ወዲያው አፉን ገጠመ። ጨርሼ ስመለስ "እህ፣ እማዬን ያገኘሃት?" ብለው፣ "ሌላ ቀን፤ ነፋስ መጣ፣ እንግባ" አለኝ።

ኅዳር 28

ባለ መንታዋ የለችም። ትናንት ሥራ ልትጀምር ስትል የላፕቶፑ መግቢያ አልከፈት አላት። ማንም አላባረራትም፣ ማንም አልተቆጣትም። ልጆቿ ታመው ሳምንት አልገባችም ነበር፤ ምርጫዋ ነው፣ ተጣጣፊ ነው። ስሟ ብቻ ከዝርዝሩ ጠፋ። ደወልኩላት። "ቢያንስ ስድብ ቢልኩልኝ" አለች። "አይዞሽ" አልኳት። አይዞሽ ማለት ምን ይጠቅማል?

እኔ ብቀርስ? የቤቱን ኪራይ፣ የጠብታውን... የአባዬ ጡረታ ለጠብታው አይበቃም። አንድ ቀን እኮ ነው ደግሞ። በአንድ ቀን ሰው አይጠፋም። አይጠፋም አይደል?

ታኅሣሥ 2

ወሰንኩ። ነገ አልሠራም። ለአስተባባሪዋ ጻፍኩላት፤ "አባቴ ቀዶ ሕክምና አለው።"

መለሰች። "እግዜር ይማረው! አትጨነቂ። ላፕቶፑን ግን ይዘሽ ውጪ፣ ለማንኛውም። ከየትም ሆኖ መሥራት መቻል፣ የኛ ሥራ ውበቱ ይሄ አይደል?" ከአበባ ሥዕል ጋር።

ሸሚዙን ተኮስኩ። አባዬ ገላውን ታጥቦ፣ ጺሙን በእጁ እየዳሰሰ ተላጭቶ አንዲት ቦታ ብቻ አስቀረ፣ አገጩ ሥር። እኔ ላጨሁለት። "በደንብ ያዢ፣ አንገት ነው የያዝሽው" ይለኛል። ላፕቶፑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለማንኛውም።

ታኅሣሥ 3

አልሆነም። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ታኅሣሥ 5

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ሌት ተቀን ይመላለስብኛል።

በጠዋት ደረስን። ረጅም ኮሪደር ነው፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ መጨረሻው ላይ ነጭ በር። ነርሷ በሩን ትከፍትና ስም ትጠራለች፤ የተጠራው አቤት ብሎ ይገባል። "ራቅ እንዳትሉ" አለችን። "ሐኪሙ ዛሬን ሠርተው ለሥልጠና ይሄዳሉ።" አባዬ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እውነትም ተረኛ ይመስላል።

ሰዉ ብዙ ነው። ቶሎ የሚደርሰን አልመሰለኝም።

"ነጻ ነሽ?"

አላነበብኩም ማለት እችል ነበር። "አንድ ደንበኛ ብቻ" ይላል ቀጥሎ። "ትናንት መስመሩ የተቋረጠብሽ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰውዬ። ካንቺ ሌላ አላናግርም ብሏል። አስር ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ጥሪ ይጠቅምሻል፣ ላንቺ አስቤ ነው።" ላንቺ አስቤ። ባለ መንታዋ ትዝ አለችኝ።

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። "አባዬ፣ አንዴ ልንዳ" አልኩት።

"ንጂ፣ ንጂ" አለ። "እኔ የት እሄዳለሁ?"

ማዳመጫው የኤጀንሲው ነው፣ ጥሩ ዕቃ፣ የውጭ ድምፅ ወደ ጆሮ አያስገባም። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ኮሪደሩ ጠፋ። ነርሷ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ጋሪው፣ ሁሉም ጠፋ። ሰውዬው ብቻ ቀረ። እያለቀሰ ነው። ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው? በወቅቱ እርስዎ የት ነበሩ? "ተኝቼ" አለ። "ውስጥ ተኝቼ ነበር። ጭሱ ነው የቀሰቀሰኝ።" ቀስ ብዬ አናገርኩት። ጎበዝ ነኝ እኮ በዚህ፣ ሰዎች ለኔ ያወራሉ።

መሃል ላይ ከጎኔ የአባዬ እጅ ሲነሳ አየሁ መሰለኝ። ወደኔ ሲመጣ። መዳፌን አነሳሁ። ሳልዞር።

እጁ ተመለሰ።

አስር ደቂቃ አልነበረም። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቅኩ፣ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ተነስቼ በሩን አንኳኳሁ። ነርሷ ዝርዝሯን አየች።

"ሦስቴ ጠራሁ።"

"እዚሁ ነበርን!"

"ከነአያታቸው ነው የጠራሁት እህቴ። አቤት የሚል ጠፋ። ሄደዋል ብዬ ሌላ ሰው አስገባሁ።"

ለመንኳት። እጇን ያዝኳት። ሐኪሙ የመጨረሻውን በሽተኛ እየሰፉ ነው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዓይኗ እንባ ያዘ። ለጥር 29 ጻፈችልን። ከዚያ በፊት የለም። እስከዚያ ጠብታው... ጠብታው አይዘውም ተብሏል እኮ!

አባዬ ጋ ተመለስኩ። እንደ ተቀመጠ ነው።

"ስምህን ሲጠሩ አልሰማህም?"

"ሰማሁ።"

"ታዲያ?!"

"እየነዳሽ ነበር።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። "አቤት አትልም? አቤት ማለት ምን ነበረበት?"

"ልል ነበር። ድምፄ ይገባብሻል ብዬ ተውኩት። ብቻዬን እንዳልሄድ በሩ አይታየኝም። እጄን ባነሳልሽ..." ከዚያ የኔን ትንፋሽ ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ "ምን ችግር አለው፣ አንዱ አውቶብስ ቢያመልጥ ሌላ ይመጣል ብዬ ነዋ" አለ። እያጽናናኝ እኮ ነው። እሱ እኔን!

በአውቶብስ ተመለስን። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ጽሑፉ ከሾፌሩ ራስ በላይ ነበር። አነበብኩት። አባዬ፣ "ጎበዝ ልጅ ነው፣ ፍሬን አያያዝ ያውቃል" ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤ ሾፌሩ እንዳይሰማ።

ታኅሣሥ 9

ለእህቴ ስነግራት ጮኸች። "አንቺ የት ነበርሽ? የት ነበርሽ በዚያን ሰዓት?"

ጥያቄዬ ነው። በቀን ስንት ጊዜ የምጠይቀው። መልሱ ምን ጊዜም ሩቅ ቦታ ይመስለኝ ነበር።

"አጠገቡ" አልኳት።

ታኅሣሥ 14

ታደሰልኝ።

ከቢሮ ሆነን በኦንላይን በገባንበት ስብሰባ መጀመሪያ ላይ አስተባባሪዋ ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ። "ከሆስፒታል ኮሪደር ሆና ደንበኛ ያስተናገደች! ቤቱ የተቃጠለበት ደንበኛ የምስጋና ደብዳቤ ጽፏል። ተጣጣፊነት ማለት ይሄ ነው፣ ከእሷ ተማሩ።" የጭብጨባ ሥዕሎች ዘነቡ። እኔም አመሰገንኩ። ምን ላድርግ፣ ከምስጋና ሌላ የምጫነው ቁልፍ የለም።

ከአሁን ወዲያ የሚታደሰው በየሦስት ወሩ ሳይሆን በየወሩ ነው ተባለ። የበለጠ ተጣጣፊ እንዲሆንልን።

ቋሚው ሲወጣ ወደኔ መጣ። "አባትሽስ? እንዴት ሆኑ?"

"ደህና ነው" አልኩት። ወንበሩን ሊሰጠኝ ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ማልቀሴ ነው።

ታኅሣሥ 27

አባዬ የሚያይ መስሎ ይሄዳል። የበሩን ጠርዝ በትከሻው እየመታ። ከደረጃው በታች ያለው ጎረቤት "አባባ ደህና ዋሉ?" ሲለው ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ጎረቤቱ ፊቱን አዞረ። ሌላ ሐኪም ቤት ሞከርኩ። ሁለት። ወይ ሐኪሙ የለም፣ ወይ ገንዘቡ የለኝም።

ጥር 11

ጠዋት ዳቦ እየቆረስኩለት፣ "መብራት ጠፋ እንዴ?" አለኝ።

አምፖል አልነበረም የበራው። ፀሐይ ነበር። መስኮቱ ሙሉ ነው፣ ጠረጴዛው ሙሉ፣ እጁ ላይ አርፏል።

"አዎ አባዬ" አልኩት። "ጠፍቷል።" ለምን እንደዋሸሁ እንጃ።

ዳቦውን አኘከ። እጁን አገላበጠው። "ፀሐዩ ግን ይሞቃል" አለ።



ጥር 29

ሄድን። ገባን። አቤት አልን። ሐኪሙ በዚያች በምታበራ ዕቃው አየው፣ አየው... ከዚያ መብራቷን አጠፋ። ቀዶ ሕክምናው አሁን የሚያድነው ነገር የለም። "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" አለ። ቀደም ብለንማ መጥተን ነበር።

አባዬ እጁን ዘርግቶ የሐኪሙን እጅ እስኪያገኝ ጠበቀ። ጨበጠው። "እግዜር ይስጥልኝ" አለው።

የካቲት 3

አዲስ ሕግ ወጣ። መዳፌን አያይም፤ እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ አሁንም አነሳለሁ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ ራሱ ወሰነ። "በሩ ላይ ሆኜ እየነዳሽ ነው እላለሁ፣ በቀስታ። ከመለስሽልኝ ቆመሻል። ዝም ካልሽ እየነዳሽ ነው፤ እመለሳለሁ።" አስተባባሪዋ እንኳ እንዲህ ያለ ሥርዓት አታወጣም ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። ሳቀልኝ። ስቆልኝ ነው እንጂ ቀልዱ አያስቅም።

ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከራዲዮው ጋር ነው። ከዚያ ሌላ የሚያናግረው የለም። ፌርማታው ጋ አልወሰድኩትም። በየወሩ ግምገማ ነው፤ እሑድም ሰኞ ነው። እማዬን እንዴት እንዳገኛት እስካሁን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም... መቼ?

የካቲት 16

ስናገር ዋልኩ። ከጠዋት ጀምሮ፣ ምሳ ሳልበላ። የሰመጠ፣ የተጋጨ፣ የተሰረቀ። አዝናለሁ፣ ይገባኛል፣ አይዞዎት፣ በወቅቱ የት ነበሩ? የመጨረሻው ሰውዬ ሲዘጋ ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ነጥቧ አረንጓዴ እንደሆነች ናት። ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ቃል አልቆብኛል። አንድም አልተረፈኝ።

ከአባዬ ክፍል ራዲዮው ሰለለ፣ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ነው።

ወጣ። በአንድ እጁ ጣቶች ግድግዳውን እየዳበሰ፣ በሌላው ራዲዮውን ደረቱ ላይ አቅፎ። ሸሚዙን ሲቆልፍ አንድ ቁልፍ ዘሏል፣ ነጩን ሸሚዝ። በሩ ላይ ቆመ።

"እየነዳሽ ነው?"

አዲስ ድንጋይ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ለሱ ብዬ የገዛሁት። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። "ቆሜያለሁ፣ ግባ" ማለት ብቻ ነው። ግን ከገባ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ያወራል፤ መልስ ይፈልጋል፤ ፊቴን አያየውም እንጂ ድምፄን ያውቀዋል፣ ምን ሆነሻል ይለኛል። ለዚያ የሚሆን ቃል ከየት ላምጣ?

ዝም አልኩ።

ጠበቀ። ጆሮውን ወደኔ ዘንበል አድርጎ። ከዚያ እንደ ድሮው መዳፉን አነሳልኝ፣ ወዳለሁበት ሳይሆን ወደ መስኮቱ። ዞረ። ግድግዳውን እየዳበሰ ተመለሰ። ራዲዮውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ በሩን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እየነዳሁ አልነበረም።